ተግደርድሬ ያመለጠኝ እድገት

ልንሄድ የተነሳን ዕለት ማታ፣ ኮምቦልቻ እናቴ ቤት፣ ከሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ ወጥቶ መዝገበ ቃላት ገባ። ሁለቱን አንድ ላይ ሚዛኑ አልችል ብሎ ነው። እናቴ የበርበሬውን ፌስታል አቅፋ፣ "እስኪ ይሄ መጽሐፍ ወጥ ይሆንሃል?" አለችኝ። ባለቤቴ ገነት ልጃችንን ሜሮንን አዝላ ጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ ከእናቴ ጋር እንደወገነች ከዓይኗ አውቄአለሁ። እኔ ግን የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ እንግሊዝኛ አገር ባዶ እጄን አልሄድም ብዬ ድርቅ አልኩ። ዳላስ ስንደርስ በርበሬው በየሐበሻ ሱቁ ተደርድሮ አገኘነው። መዝገበ ቃላቱን የሚጠይቀኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልመጣም።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ብላችሁ እለፉኝና፣ አገር ቤት ስመ ጥር አስተማሪ ነበርኩ። በተለይ የማስተምራት አንዲት ቃል ነበረች፤ ኢምፕሩቭመንት። ሰሌዳው መሀል እጽፋትና ዙሪያዋን ዘመዶቿን እሰበስባለሁ፤ ፕሮግረስ፣ ኢንሃንስመንት፣ ቤተርመንት፣ አድቫንስመንት። መጨረሻ ላይ እንደ ሙሽራ ሸፍኜ ያቆየኋትን አሚልዮሬሽንን አወጣታለሁ። "ቲቸር፣ ልዩነታቸው ምንድነው?" ይሉኛል። "ኢምፕሩቭመንት የነበረው ነገር ሲሻል ነው። ፕሮግረስ ወደፊት መራመድ ነው። አድቫንስመንት ደግሞ ከፍ ወዳለ ቦታ መውጣት ነው። አሚልዮሬሽን ግን የከፋው ነገር ትንሽ ሲለዝብ ነው" እላለሁ። ይህን ሁሉ የምለው ዓመት በዓመት እዚያው ክፍል፣ በዚያው ኮት ሆኜ ነው። ተማሪዎቹ "ቲቸር ኢምፕሩቭመንት" ይሉኝ ነበር፤ እኔ አክብረውኝ መስሎኝ።

ቤድፎርድ ገባን። ዳላስና ፎርት ወርዝ መሀል ያለች ከተማ ናት፤ አገር ቤት ለሚጠይቀኝ ሁሉ ግን "ዳላስ ነን" እላለሁ፤ ቤድፎርድ ብል ማን ይቀናል? የኮምቦልቻን ፀሐይ የለመደ ሰው የቴክሳስ ሙቀት ምን ያደርገዋል ብዬ ፎክሬ ነበር። እናንተ ጃንጥላ ዘርግታችሁ ዝናቡን በምታማርሩበት ሐምሌ የመኪናዬ መሪ እጄን ጠበሰኝ፤ ያኔ ኮምቦልቻን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኳት።

ዓመት እንደሞላን የአፓርትመንታችን ማናጀር ኪራይ ጨመረች። ቤታችሁ ኢምፕሩቭ ተደርጓል አለችን። ይቺን ቃል ሰምቼማ ዝም አልልም፤ ቢሮዋ ሄድኩ።

"ምኑ ነው የተሻሻለው?" አልኳት።

"የበሩ እጀታ አዲስ ነው። ግድግዳውም ግሬይ ተቀብቷል።"

"ይሄማ ቼንጅ ነው እንጂ ኢምፕሩቭመንት አይደለም። ኢምፕሩቭመንት የነበረው ነገር ሲሻል ነው። ቧንቧው እኮ አሁንም ያንጠባጥባል።"

እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጠችኝ። "እንግሊዝኛህ በጣም ያምራል" አለች ፈገግ ብላ፤ "ኪራይ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ነው።"

ቤት ገብቼ ስነግራት ገነት፣ "ቢያንስ እንግሊዝኛህን አደነቀችልህ" አለችኝ።

ገነት ቀን ቀን አረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች። እኔ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ማታ ገብቼ ጠዋት እወጣለሁ። ሜሮንን ፓርኪንግ ላይ እንቀባበላለን። "በልታለች?" "በልታለች።" "ያስላታል።" "እሺ።" ትዳራችን ይኸው ነው። ሦስታችን አንድ ገበታ የምንቀርበው እሁድ ብቻ ነው፤ እሁድም ጉርሻ አፋችን ውስጥ እያለ እናንቀላፋለን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሚስቴ ናፍቃኛለች። አንድ አልጋ ላይ እየተኛን፣ እሷ ስትነሳ እኔ እየገባሁ፣ ናፍቃኛለች።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ሠራተኛውን ሁሉ "ሃኒ" የምትለው አለቃዬ ብሬንዳ ቢሮዋ ጠራችኝ።

"የቀን ፈረቃ መሪ ቦታ ተከፍቷል። ለአንተ ነው ያሰብኩት፣ ሃኒ። ትልቅ አድቫንስመንት ነው።"

ልቤ ዘለለ። ጭማሪው ለሜሮን ሕፃናት መዋያ ይበቃል፤ ቀን ከሠራሁ ማታ ቤቴ ነኝ፤ ከሚስቴና ከልጄ ጋር ራት እበላለሁ። በሐሳቤ ሦስት ሰሃን ደርድሬ ጨርሻለሁ። አፌ ግን ያደገው ኮምቦልቻ ነው።

"ኧረ ኖ፣ ኖ! እኔ ማን ሆኜ? ከእኔ የሚሻሉ ስንት ሰዎች አሉ!"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ኧረ ይቅርብኝ፤ በጣም አመሰግናለሁ" አልኩና እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ።

አንድ ልመና ቀራት። እኛ ዘንድ ሰው ቤት ገብተህ "ብላ" ስትባል ዘለህ አትቀርብም። "በልቻለሁ" ትላለህ። "በሞቴ" ይሉሃል። "ጠግቤ ነው" ትላለህ። በሦስተኛው ክንድህን ይዘው ያስቀምጡሃል፤ ከዚያ ከባለቤቱ በላይ ትበላለህ። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ ሦስተኛውን ጠበቅሁ።

"ኦኬ፣ ውሳኔህን ሪስፔክት አደርጋለሁ" አለችና ተነስታ በሩን ከፈተችልኝ። በሩ ላይ ትመልሰኛለች ብዬ ቀስ ብዬ ነው የተራመድኩት። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይም አንዴ ዞሬ አይቻለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ፓርኪንግ ላይ ለገነት ነገርኳት።

"ሶ፣ እሺ አልክ አይደል?"

"ትንሽ ተግደረደርኩ።"

መሪውን እንደያዘች ቀረች። "ለብሬንዳ?" አለች። "ለብሬንዳ ተግደረደርክ? እኔን ስታገባ እንኳ ይህን ያህል አልተግደረደርክም!"

ልስቅ ስል ፊቷን አየሁት፤ እያለቀሰች ነበር። "ማታ ማታ ሜሮን 'አባቢ አሁን ይመጣል?' ትለኛለች፤ ምን ልበላት?" አለችኝ። የማፍረው ከእንግዳ ፊት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ያን ጠዋት ከገዛ ሚስቴ ፊት አፈርኩ።

ያን ዕለት ቀድሜ ሄጄ ብሬንዳን በር ላይ ጠበቅኳት።

"ትናንት ኖ ያልኩት፣ ማለቴ፣ በእኛ ባህል ኖ ማለት ደግመሽ ጠይቂኝ ማለት ነው።"

ብሬንዳ መነጽሯን አወለቀች። "ሃኒ፣ እዚህ በየዓመቱ ሰብስበው ትሬኒንግ የሚሰጡን የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ሴት ልጅ ኖ ካለች ኖ ነው እያሉ።"

ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል። ሪኪ የሚባል ልጅ ነው፤ ጥያቄዋን ሳትጨርስ "የስ" አለ አሉ። ሪኪ አሚልዮሬሽን የምትባል ቃል መኖሯንም አያውቅም። ራቱን ግን ቤቱ ይበላል።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ፣ መኪናዬን ፓርክ እንዳደረግኩ እናቴ ደወለች። እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው። ድምፅዋ ደስ አላለኝም።

"አንተ ልጅ፣ እውነቱን ንገረኝ። ከገነት ጋር ተለያይታችኋል አይደል?"

"ኧረ እማዬ! ምን ነካሽ?"

"አንተን ስደውል እሷ የለች፤ እሷን ስደውል አንተ የለህ። ሁለታችሁን አንድ ላይ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!"

"ፈረቃ ነው እማዬ።"

"ፈረቃማ አውቃለሁ። የሰፈራችን ሰው ሁሉ ፋብሪካ አይደል እንዴ የሠራው? ባልና ሚስት እንዲህ ሲጠፋፋ ግን አላየሁም።"

ይኸኔ ገነት ሜሮንን አቅፋ ከፎቅ ወረደች። ልጅቷን ትከሻዬ ላይ አስተኛችልኝና መኪናዋ ውስጥ ገባች። እግዜር ጣለልኝ ብዬ ስልኩን በመስኮት አቀበልኳት። "እናቴ ናት፤ አንድ ቃል በያት።"

"እማማ ደህና ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ረፍዶብኝ ልሄድ ነው" አለችና ስልኩን መለሰችልኝ። መኪናው ተንቀሳቀሰ።

"ያ የመኪና ድምፅ ምንድነው?" አለች እናቴ።

"ገነት ናት፤ ሥራ ሄደች።"

"መጥታ አናግራኝ ሄደች በለኛ።"

"አልመጣችም እማዬ! እዚሁ ናት የምትኖረው!"

ሜሮን በእንቅልፏ አንገቴ ላይ ትተነፍሳለች።

"እሺ ልጄ፣ አልቆጣህም" አለችኝ እናቴ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ልጅቷ ግን ለማን ደረሰች?"