ቁጥር አርባ አንድ እና የዕቃ ማጠቢያው ብሩሽ

አክስቴን መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «ዳኛዋ» ይሏታል። ገበሬው የታመመ ቅጠል በፌስታል ቋጥሮ ይመጣል። እሷ በሽታውን ያመጣውን ፈንገስ ከቅጠሉ ላይ ታነሣና በመስታወት ሳህን፣ በረጋ የድንች ምግብ ላይ ታሳድገዋለች። ከዚያ ስፖሩን፣ ዘሩን ማለት ነው፣ በማይክሮስኮፕ አይታ የማን ወገን እንደሆነ ትፈርዳለች። የአንዱ ዘር ማጭድ ይመስላል፣ የሌላው እንደ ዶቃ ተሰካክቶ ይገኛል፤ ፍርዷ ይግባኝ የለውም። እኔ እሷው ቤት ነው ያደግኩት። የሻገተ ብርቱካን እንኳ የገዳዩን ስም ሳትነግረን ጥለን አናውቅም።

ዘሩን ያላሳየ ፈንገስ ግን ወገን የለውም፤ ቁጥር ብቻ ተሰጥቶት ታችኛው መሳቢያ ይገባል። ቁጥር አርባ አንድ እዚያ ጨለማ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጧል። ከቲማቲም ቅጠል የተነሣ፣ ነጭ፣ የተነደፈ ጥጥ የመሰለ ነገር ነው። አክስቴ ምግቡን እየለወጠች ካሮት አበላችው፣ አጃ አበላችው፣ የቲማቲም ጭማቂ አጠጣችው። በላ፣ ጠጣ፣ ወፈረ፤ ዘር ግን ወይ ፍንክች።

«እኔን እንዲህ ብትቀልቢኝ መንታ እወልድልሽ ነበር» ይላት ነበር ጋሼ፣ ባሏ።

ኋላ ጉዱ መጣ። አክስቴ ዓርብ ጡረታ ልትወጣ ነው፤ አዲሱ ኃላፊ ደግሞ ወገን ያልተገኘለት ሁሉ በዚያው ዕለት ተቀቅሎ ይጣል ብሎ አዘዘ። ለራሷ ጡረታ ደንታም አልነበራት። አርባ አንድ ስም ሳያገኝ ሊሞት መሆኑ ግን አንገበገባት። ከእሱ የቀረው ያ አንድ ሳህን ብቻ ነበር።

ረቡዕ ጠረጴዛዋንና መሳቢያዋን ጠራርጋ፣ ኩባያዎቿን ከነማስቀመጫቸው በካርቶን ጭና ወደ ቤት መጣች። ጋሼ ደግሞ የቆሸሸ ዕቃ ሲያይ እጁን የሚበላው ሰው ነው። ካርቶኑን ተቀብሏት ወደ ማጠቢያው ሄደ፣ ብሩሹን አነሣ፣ እያፏጨ ገባበት። ጥቂት ቆይቶ ከወጥ ቤት ድምፁ ተሰማ።

«ይቺ ሳህን ምን ተበልቶባት ነው? ነጩን ፈትጌ አስለቀቅኩት፣ ታቹ ግን ሙጭጭ አለ።»

አክስቴ ስትደርስ ሳህኗ ክዳኗን አውልቃ መስኮቱ ሥር ተሰጥታለች፤ ጠርዟ ላይ አርባ አንድ የሚል ቁጥር አለ። ከላብራቶሪ ምንም ነገር አይወጣም እያለች ስንቱን ሠራተኛ ያስለቀሰች ሴት፣ በገዛ እጇ ከኩባያ ማስቀመጫዎቿ ጋር ደርባ ይዛው መጥታለች። ጥፋቱ የራሷ ስለሆነ ጋሼን ተቆጣችው። ሳህኑን ማንም እንዳይነካ ብላ ክዳኑን መለሰችበትና ሐሙስን ሙሉ ሳታናግረው ዋለች። ሳህኑም እዚያው ፀሐይ ሲሞቅ ዋለ።

ዓርብ ጠዋት ልትመልሰው ስታነሣው፣ ነጩ የተፈተገበት ቦታ ጥላሸት ለብሷል። አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ ሳህኑን በሁለት እጇ አቅፋ፣ አንድ እግሯን ጫማ፣ አንድ እግሯን ነጠላ ጫማ አድርጋ ወደ መሥሪያ ቤቷ ወጣች። እኔም ሌላውን ጫማ ይዤ ከኋላ ከኋላዋ ሮጥኩ።

ማይክሮስኮፑ ላይ ብዙ ቆየች። ቀና ስትል እየሳቀች ነበር፤ አዲሱ ኃላፊ ሳይቀር ሳቋን ሰምቶ መጣ። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ፦ ዱላ ዱላ የሚመስሉ፣ ጅራታቸው የረዘመ ቡናማ ዘሮች ተደርድረዋል። አልተርናሪያ ነው፣ ቲማቲም ላይ ክብ በክብ ጠባሳ የሚያወጣው ወገን። አሥራ አንድ ዓመት ሲቀለብ የኖረው ጌታ ለካ የጎደለው መፈተግና ፀሐይ ኖሯል። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።

ኃላፊው የመዝገቡን ካርድ አቀረበላት። «ዘር የሰጠበት ዘዴ» በሚለው ቦታ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «በዕቃ ማጠቢያ ብሩሽ መፈተግ፤ አንድ ቀን ፀሐይ። የፈተገው ባለቤቴ ነው።»

ከዚያ ስልኳን አነሣች። ከረቡዕ ወዲህ ለጋሼ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነበር፦

«አንተ፣ ወልደሃል።»

ጋሼም፦ «መንታ ነው?» አላት።

አክስቴ ልትቆጥር ወደ ማይክሮስኮፑ ጎንበስ አለች፤ እንባዋ ግን አላሳይ አላት።