ሂሩት የተጫወተችበት ፊልም

ቬንትሌተሬን ላሠራ ድሬ፣ መጋላ ሠፈር አንድ ጥገና ቤት ቁጭ ብዬ ስጠብቅ፣ ሠራተኛው የአሮጌ ቪዲዮ ዴክ ክዳን ሲከፍት የወጣው የጋለ ፕላስቲክና የታፈነ አቧራ ሽታ ሳላስበው እጄን ይዞ ከዚራ በሚባለው ሠፈር፣ የባቡር ሠራተኞች ይኖሩበት ወደነበረ አንድ ባዶ ቤት አስገባኝ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው፤ እኔና ታላቅ እህቴ ሂሩት ገና ተማሪዎች ነን። በሠፈራችን የሠርግ ቪዲዮ የሚያነሳው ጀማል ከጅቡቲ በሚመጡ ካሴቶች ልቡ ተሰልቦ፣ እኔም አስፈሪ ፊልም እሠራለሁ ብሎ ተነሣ። ጭራቅ የለው፣ ደም የለው፤ ብቻዋን የምትኖር አንዲት ልጅ ከግድግዳው ውስጥ ስሟ ሲጠራ እየሰማች ቀስ በቀስ አእምሮዋን የምትስትበት ታሪክ ነበር። ልጅቷ ሂሩት ሆነች፤ እኔ የአባታችንን ነጭ ሸሚዝ እስከ ጉልበቴ ለብሼ ሐኪም፤ ግድግዳው ደግሞ ራሱ ጀማል፣ አንገቱን ባዶ በርሜል ውስጥ ቀብሮ "ሂሩት... ሂሩት..." እያለ የሚጣራ።

ድሬ በቀትር ሙቀት ጋደም ስትል እኛ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን፣ ላብ በጀርባችን እየወረደ እንቀርጻለን። ችግሩ ሂሩት ነበረች። በርሜሉ በተጣራ ቁጥር ሆዷን ይዛ መሬት ላይ እየተንከባለለች ትስቃለች፤ ሳቋ የሚጋባ ስለነበር ሐኪሟም ግድግዳውም አብረን እንፈርሳለን።

"አቦ ሂሩቴ፣ ወላሂ ካሴቱ አንድ ነው፤ አትሳቂብኝ!" ይላል ጀማል፣ ካሴቱን ወደ ኋላ አጠንጥኖ በሳቋ ላይ እንደገና እየቀረጸ።

በመጨረሻ ሆነላት። ግድግዳውን በጥፍሯ እየቧጠጠች "እማዬ! እዚህ ነኝ፣ አውጪኝ!" ብላ ስትጮህ የሁላችንም ፀጉር ቆመ። ፊልሙ በሠፈሩ ቪዲዮ ቤት ሲታይ ሰዉ በእኔ ሸሚዝ ሳቀ፣ በበርሜሉ ሳቀ፤ እዚያች ጩኸት ላይ ሲደርስ ግን ቤቱ ጸጥ አለ፤ ሂሩትም የዚያን ሰሞን በሠፈሩ እንደ ንግሥት ተንጎራደደች።

ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስታጣ፣ ከጓደኞቿ ጋር በጅቡቲ በኩል ወደ የመን ለመሻገር ሄደች። ጀልባው ተነሣ ከተባለ ወዲህ የሰማነው ነገር የለም። አባታችን ከጅቡቲ በሚመጣው ባቡር የወረደውን ሁሉ ይጠይቅ ነበር፤ እየጠየቀ ጡረታ ወጣ፣ እየጠየቀ ሞተ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናታችን "ድምጿን አሰሙኝ" አለች። የሂሩት ድምፅ የቀረው ያ ፊልም ላይ ብቻ ነበር። እንዳታየው ለመንኳት፤ እምቢ አለች። ጀማል ዴኩን ተሸክሞ መጣ። ጩኸቱ ላይ ሲደርስ እናቴ ተነሥታ መዳፏን ቴሌቪዥኑ ላይ አሳረፈች።

"እየጠራችኝ እኮ ነው።"

"እማማ፣ ጨዋታ ነው፤ እንዲያ በይ ያልኳት እኔ ነኝ" አለ ጀማል።

"ታዲያ ሳቋስ? የልጄ ሳቅ የት አለ?"

ጀማል አቀረቀረ።

ከዚያ ወዲያ እናቴን ግድግዳ ተደግፋ "አቤት፣ ልጄ" ስትል አገኛት ነበር። ሐኪም ቤት አመላለስናት፤ ጸበልም ወሰድናት። አልተሻላትም፤ እንደዚያው ሆና አረፈች።

እህቴ ስትስቅ ምን ትመስል እንደነበር ለልጆቼ ልነግራቸው እችላለሁ፤ ሆዷን መያዟን፣ አፈር ላይ መንከባለሏን። ድምፁ ግን ጠፍቶብኛል። ላስታውሰው ብዬ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ ያ ጩኸት ብቻ ነው።