የወደቀ ማንጎ

በእኛ መንደር፣ አሶሳ አጠገብ፣ ከዛፍ የወደቀ ማንጎ የመንገደኛ ሰደቃ ነው፤ ባለቤቱ አይነካውም። አባቴ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም ነበር። ከሱዳን ጨው ጭነው የሚመጡ ነጋዴዎች መንገድ ዳር ባለችው የማንጎ ዛፋችን ጥላ ሥር አህዮቻቸውን አሳርፈው፣ የወደቀውን ለቅመው በልተው፣ መርቀውት ይሄዱ ነበር። ዛፏንም አባቴ የተከላት እነሱ በሰጡት ዘር ነው። ሲሞት የቀረችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ከዚያ ማንጎው ይተላ ጀመር። ከላይ ሲያዩት ያስጎመጃል፣ ሲከፍቱት ትል ይርመሰመስበታል። መንገደኞቹ አንዴ ነክሰው እየተፉ ጥለውት ያልፋሉ። ሰው «ዓይን በልቷት ነው» አለ። ባሌ ደግሞ መጥረቢያውን ስሎ፣ «እቆርጣታለሁ፤ ቦታው ማሽላ ያበቅላል» አለኝ። ደሜ ፈላ። አባቴን ሁለተኛ ልቀብረው ነው እንዴ።

እንደተናደድኩ ከዛፏ ሥር ቁጭ ብዬ ሳለ፣ አንድ ትል ከበሰበሰ ማንጎ ወጥቶ እንደ ፌንጣ ተፈናጠረና አፈር ውስጥ ገባ። ምን ሊሆን ነው የሚገባው? ሰደቃ አይነካም፤ እኔ ነካሁ። አንዱን የወደቀ ማንጎ አፈር ባለበት ማሰሮ ውስጥ ከትቼ አፉን በስስ ጨርቅ አሰርኩት። ባሌ «ደግሞ ትል ማርባት ጀመርሽ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ጁምዓ አልፎ ሌላ ጁምዓም ካለፈ በኋላ ከጨርቁ ሥር ትንንሽ ቡናማ ዝንቦች ተገኙ። ጥሬው ማንጎ ላይ ሲንጎራደዱ የማያቸው እነዚያው ናቸው።

ማሰሮውን ወስጄ ባሌ ፊት አስቀመጥኩት።

«ዝንቧ እንቁላሏን ጥሬው ላይ ትጥላለች። ትሉ ከወደቀው ወጥቶ አፈር ይገባና ዝንብ ሆኖ ይመለሳል» አልኩት።

«ሰደቃ ነው እንግዲህ ትል የሚያመጣው?»

«ሰደቃው አይደለም። መሬት ላይ መበስበሱ ነው።»

ማሰሮውን አንስቶ ዝንቦቹን አየና፣ «የሚቀጥለውን ፍሬ አያለሁ። ከተላ ግን ወላሂ እቆርጣታለሁ» አለ።

በየማለዳው የወደቀውን እየለቀምኩ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ጨምሬ አፈር ጫንኩበት። ለመንገደኛው ደህና ደህናውን አውርጄ በቅርጫት መንገድ ዳር ሰቀልኩ። ሴቶቹ «የአባቷን ሰደቃ ቀበረችው» እያሉ አሙኝ። አንገበገበኝ፤ ግን አልተውኩም።

በዓመቱ የመጀመሪያውን የበሰለ ማንጎ ባሌ ራሱ በቢላ ሰነጠቀው። እኔ ፈርቼ ፊቴን አዞርኩ። ንጹሕ ነበር። ሌላም ሌላም ሰነጠቀ፤ ትል ያገኘነው አንዱ ላይ ብቻ ነው። ጭማቂው በክርኑ እየወረደ በላ። ሲጨርስ ዘሩን አጥቦ ወደ ማሽላ ማሳው ወሰደና ዳር ላይ ተከለው።