መምህር ኤርጃቦና የ«ሆት ዶግ» ምንጭ

መርዶው ለምታውቋቸው ሁሉ ደርሷችኋል፤ መምህር ኤርጃቦ ባለፈው ማክሰኞ ሆሳዕና ውስጥ አርፈዋል። በቀብራቸው ላይ ያ የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ይልማ ባርኔጣውን አውልቆ «ሊቃችንን አጣን» ሲል ሰማሁት። አይ ዓይን አውጣነት! እኚህን ሊቅ «ውሻ በሊታ» እያለ ሲያላግጥባቸው የኖረ እሱ አይደለም እንዴ?

ነገሩን ለማያውቅ ልንገር። ወይዘሮ ማርታ የሚባሉ የዱራሜ ሴት፣ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ለሚያስተምረው ፈረንጅ ምግብ ይሠሩ ነበር። ፈረንጆች «ሆት ዶግ» የሚሉት ምግብ እንዳለ፣ ትርጉሙም «ትኩስ ውሻ» እንደሆነ፣ ይልማ ጆሮ ደረሰ። ሥራ ፈት ነውና «ሴትዮዋ ለፈረንጁ ውሻ ትቀቅላለች» ብሎ አገር ምድሩን አዳረሰው። ያ ሁሉ ዐዋቂ ነኝ ባይ አመነ! ከማርታ እጅ የሚቀምስ ጠፋ።

መምህር ግን ጠመኔያቸውን አስቀምጠው፣ «ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት» አሉ። ቃሉ ከየት እንደመጣ ፈረንጁን ጠየቁት፤ እሱም አያውቅም። አገሩ ወዳለ ቤተ መጻሕፍት ጻፉ፤ መልሱ ከወራት በኋላ መጣ። ለካ ምግቡ በዳቦ የሚበላ ቋሊማ ነው። ስሙን ያወጡት ቀልደኛ ተማሪዎች ናቸው፤ ቋሊማ ሻጮችን «ሥጋችሁ የውሻ ነው» እያሉ ሲያሾፉባቸው ስሙ በዚያው ጸና። «እዚያም ሐሜት ነው የወለደው» አሉ መምህር። ደብዳቤውን ቢያነቡለት ይልማ «ወረቀት የጫኑትን ይሸከማል» ብሎ ሳቀ።

በዚያው ሰሞን አንድ ልቅሶ ቤት ማርታ ያመጡት ቆጮና ጎመን ሳይነካ ቀረ። መምህር ወደ ራሳቸው ሳቡና ብቻቸውን በሉ። «ማርታ፣ እቴ፣ ጨምሪልኝ» አሉ። ሰው አንገቱን ደፋ። ከዚያ በኋላ ጎረቤት አንድ በአንድ ከማርታ እጅ ይቀምስ ጀመር።

መምህር፣ እንግዲህ ደህና ይሁኑ። ይልማን ስወቅስ ዋልኩ፤ የእኔስ? ከፈረንጁ መጽሔት ላይ ቃሉን አይቼ፣ እንግሊዝኛ ማወቄን ላሳይ ብዬ፣ ለይልማ የተረጎምኩለት እኔ ነበርኩ። እርስዎ ያኔውኑ ነግሬዎት ያውቁ ነበር። ከቀብርዎ ስመለስ ወይዘሮ ማርታ ቤት ገብቼ ተናዘዝኩ። እሳቸውም፣ «መምህርን ማን እንደጀመረው ስጠይቃቸው ‹አላውቅም› ብለውኝ ነበር እኮ» አሉኝ።

መምህር፣ እርስዎ ሲዋሹ የማውቀው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ለእኔ ሲሉ። አፈሩን ገለባ ያድርግልዎ።