በወንድሜ ጋቢ ላይ የነበረው ደም

ይህ የሆነው በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ጣሊያን ጎጃም ከገባ ሦስት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም። እኔ ያኔ ካገባሁ አራት ዓመቴ ነበር። ዛሬ ዕድሜዬን በውል አላውቀውም፤ ይህንንም የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ናት። ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያን ቀን ግን አልረሳሁትም፤ አንድ ቃል ተናግሬ ሁለት ሰው የቀበርኩበት ነው።

አገራችን ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከሚባለው ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ባሌ አለኸኝ ይባላል። ታናሽ ወንድሜ ይስማው፣ አባታችን ከሞተ ጀምሮ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። ሁለቱም አርበኞች ናቸው። ጥይት ለማምጣት ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ ወደ ቆላው ይወርዱ ነበር። አለኸኝ ደጋግሞ ወርዷል። ይስማው የወረደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የታመመው አለኸኝ ነው። በመስቀል ሰሞን ትኩሳት ያዘው። ወባ ነው አልን፤ እንደ ወባ ግን ያዝ ለቀቅ አላደረገውም። ሰውነቱ እየከሳ ሆዱ እየተነፋ ሄደ። በግራ ጎኑ በኩል ጣፊያው ጠጥሮ በእጅ ይዳሰስ ነበር። በጋለ ብረት ተኮሱት። ጠበል ወሰድነው። በሁዳዴ አፍንጫው መድማት ጀመረ፤ በጨርቅ ብንጠቀጥቀውም አይቆምም። የበላውን ያስመልሰዋል። እግሩም አበጠ።

ይስማው የታመመው ሁዳዴ ሲያዝ ነው። እሱም ትኩሳትና ጣፊያ ነበረው፤ ግን ይበላል፣ በእግሩም ይሄዳል።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጎረቤታችን ቡሬ በጣሊያን ካምፕ ለዚህ በሽታ መርፌ እንደሚወጉ ነገረን። አለኸኝ አሻፈረኝ አለ።

«በጠላት እጅማ አልድንም» አለ።

ይስማው ግን «ጥይቱስ ከጠላት የቀማነውም አለ አይደል? መድኃኒቱንም እንቀማዋለን» አለው።

አለኸኝ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም።

አለኸኝን በበቅሎ አስቀምጠን ሁለት ቀን ተጓዝን። ይስማው ራሱ ታማሚ ሆኖ በጎን ደግፎት ይሄድ ነበር። በሁለተኛው ቀን አለኸኝ ነሰረው። ራሱን ወንድሜ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ደሙ እስኪቆም ቆየ። አጠገባችን ወንዝ ነበረና የአለኸኝን ፊት አጠብኩ። ደም የነካውን የይስማውን ጋቢ ግን አላጠብኩትም። ለምን እንዳላጠብኩት አላውቅም፤ መሽቶብን ነበር መሰለኝ።

ካምፑ ስንደርስ አርበኝነታቸውን ደብቀን ጥጥ ሊገዙ ቆላ የወረዱ ነጋዴዎች ናቸው አልን። ሐኪሙ ነጭ ነው፤ በሽተኛውን እየጠየቀ የሚለየውና መርፌ የሚወጋው ግን አማርኛ የሚያውቅ የኤርትራ ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። የሁለቱንም ጎን ዳሰሰ። ከዚያ እኔን በሽተኞች በሚተኙበት ጎጆ ደጃፍ ላይ ለብቻዬ አነጋገረኝ፤ እነሱ ግን አጠገባችን ስለተቀመጡ ይሰሙናል።

«እኅቴ፣ የቀረኝ መድኃኒት ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነው» አለኝ። «ሽፍታ መንገዱን ቆርጦታል፤ መኪና ከመጣ ቆየ።»

መንገዱን የቆረጡት እነአለኸኝ ናቸው። ሦስታችንም መሬት መሬት አየን።

«ጌታዬ፣ የባሰበትን ይውጉልኝ» አልኩት።

«የባሰበትን ሳይሆን የሚድነውን ነው የምወጋው» አለ። «መድኃኒቱ ኃይለኛ ነው። በጣም የተዳከመውን እሱ ራሱ ይገድለዋል።»

ከዚያ ስለ አለኸኝ መጠየቅ ጀመረ። ከታመመ ስንት ጊዜው ነው? ሁለት ወር አልኩ። ስምንት ወር ሊሞላው ነበር። እግሩ ለምን አበጠ? በቅሎ ላይ ተንጠልጥሎ ስለዋለ ነው አልኩ። ያስመልሰዋል? አያስመልሰውም አልኩ። ይነስረዋል? በጭራሽ አልኩ።

ይህን ሁሉ ስናገር ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ሰውየው ወደ ይስማው ዞረ። ጋቢውን ያዝ አድርጎ ተመለከተ።

«ይህ ደም የማን ነው?» አለኝ።

«የራሱ ነው» አልኩ።

አስቤ አልተናገርኩትም። አፌ ላይ መጣ፣ ተናገርኩት።

«አንተ፣ ይነስርሃል?» አለው።

ይስማው እኔን አየኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። አለኸኝን አየ፤ ባሌ ዓይኑን ጨፍኗል። ከዚያ «አዎ፣ ይነስረኛል» አለ።

በዚሁ አለቀ። አለኸኝ ሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ ተኛ፤ በየቀኑ አንድ መርፌ ይወጉት ጀመር። ይስማው በቅሎዋን ይዞ ወደ ቤት ተመለሰ። ሲሰናበተኝ «እታለም፣ እህል ብላ በይው፤ እምቢ ቢልሽም አስገድጂው» ነው ያለኝ።

ባሌ ሦስት መርፌ ሲቀረው ሞተ። የመጨረሻዎቹን ቀናት አፍንጫውም ድዱም ይደማ ነበር። መርፌ የሚወጋው ሰው ቆሞ ሲያየው ቆየና «ቀድሞም ይነስረው ነበር፣ አይደል?» አለኝ። የአለኸኝን አፍንጫ በጨርቅ ጠረግኩ። እሱም አልደገመውም።

የቀረውን ሦስት መርፌ ለወንድሜ እንዲሰጠኝ ለመንኩት። «ሦስት ለማንም አይበቃም። መኪና ከመጣ ይዘሽው ነይ» አለኝ።

አለኸኝን ቡሬ ቀበርኩት። ሬሳውን አገሩ የሚያደርስልኝ ሰው አላገኘሁም።

መኪና አልመጣም። በክረምቱ ይስማው ሆዱ ተነፋ፤ ሳልም ተጨመረበት። በሐምሌ ነሰረው። ደሙን ሳይ ጨርቅ አምጥቼ ያዝኩለት። ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ ጾም ሞተ። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሳብኝም። እኔም አላነሳሁበትም። ለቀስተኛው እኅት እንዲህ ናት ወይ፣ እንባ የላትም ወይ ይል ነበር። አልነበረኝም።

ቆይቼ ሌላ ባል አገባሁ፣ ወለድኩ። ይህን የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ነርስ ናት። በሽታው ካላዛር እንደሚባል የነገረችኝ እሷ ናት። ቆይቶ የመጣ፣ የሚደማ፣ የሚያስመልሰው፣ ሰውነቱ ያለቀና ያበጠ ሰው መድኃኒት ቢያገኝም ለሞት ቅርብ ነው አለችኝ። የዚያ መርፌ ወጊ ጥያቄዎች ናቸው፤ አንድ በአንድ አወቅኋቸው። «ወንድምሽ ያኔ ቢወጋ ይድን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝና መልስ ሳትጠብቅ ወደ ጽሑፏ ተመለሰች።

ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። ስግደት ሰጡኝ፣ ሰገድኩ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ይቅር ብሎሻል» አሉኝ። ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ቀለለኝም ከበደኝም ማለት አልችልም። ሰው ሲያለቅስ አያለሁ፣ ሲስቅም አያለሁ፤ የኔ ልብ እዚያ ጎጆ ደጃፍ ላይ እንደቆመ ቀረ።

በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሁለቱ በጸሎት እንዲታሰቡ ለቄሱ የክርስትና ስማቸውን እሰጣለሁ። በመንገድ ሁሉ ዘንድሮ የወንድሜን አስቀድማለሁ እያልኩ እሄዳለሁ። ቄሱ ፊት ስቆም የሚቀድመኝ የባሌ ስም ነው።