ከአዲሱ ጎን የተውኩት አሮጌ ፋይል

ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። ቴፒ ገበያ ዳር ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ኖሬ፣ ኮምፒውተሩንም በዚያው እጅ፣ እየፈታሁና እየገጠምኩ ለመድኩት። ሬዲዮ ስጠግን አንድ ደንብ ነበረኝ። የተቃጠለውን ዕቃ ነቅዬ አዲሱን ስተካ፣ አሮጌውን አልጥለውም፤ በክር አስሬ እዚያው ሬዲዮው ውስጥ እተወዋለሁ። ባለቤቱ ክዳኑን ከፍቶ በእርግጥ መቀየሩን በዓይኑ እንዲያይ ነው። ጠጋኝ ሁሉ በሚታማበት ገበያ ስሜን ያቆየልኝ ይህ ነው። ልጆቼንም በዚሁ አሳደግኳቸው፦ የሠራችሁትን አሳዩ፣ አትደብቁ።

አሁን ሚዛን ውስጥ በአንድ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን የኮምፒውተር ሠራተኛ ነኝ። ከብዙ ዓመት በፊት የተሠራ ፕሮግራም አለን። ቡናው ከየትኛው ጫካ እንደተለቀመ ይመዘግባል፣ መኪና ሲጫን ደግሞ መሸኛ ያትማል። መሸኛ የሌለው ቡና ኬላ አያልፍም። ፕሮግራሙ ያለበት ሰርቨር በእርጅና መንገዳገድ ሲጀምር፣ ሁሉንም ነገር ወደ አዲስ ማሽን እንድታዛውር ልጄ ታዘዘች። ልጄ ኮምፒውተር ተምራ ከጅማ የተመለሰች ናት። በጊዜያዊ ውል አብራኝ ትሠራለች፤ ውሉ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው።

እሑድን ስትሠራ ውላ ጨረሰች። መረጃው ሁሉ የሚቀመጥበትን ዳታቤዝም በዚያው ወደ አዲሱ ዓይነት ቀየረችው። ሰኞ ጠዋት ገጹ ተከፈተ፤ ነገር ግን ማንም ሊገባበት ሲሞክር "ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልተቻለም" ይላል። ግቢው ውስጥ ከሸኮ የመጣ ደረቅ ቡና የጫነ መኪና ቆሟል። ሰማዩ ጠቁሯል።

"ጋሼ፣" አለ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ፣ "ኮምፒውተርዎ ቁርሱን አልበላም እንዴ? ሸራዬ እኮ ወንፊት ነው። ዝናቡ ከቀደመን ይህን ሁሉ እንደገና ልታሰጡት ነው።"

ሥራ አስኪያጁ ድምፅ ሰምቶ መጣ። የመጋዘን ኃላፊዋም ከኋላው። ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ አላመነታሁም።

"ዲግሪ ሌላ፣ ሥራ ሌላ። ደህና የነበረውን ነካክታ አበላሸችው" አልኩ፣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ እሷ አየ። "እንግዲህ ስለ ውሉም እናስብበታለን" ብሎ ወጣ። ልጄ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ጆሮዋ ቀልቷል።

ከዚያ መፈለግ ጀመርን። ዳታቤዙ ተነስቷል? ተነስቷል። ፓስወርዱ ልክ ነው? በቀጥታ ስትገባበት ከፈተላት። መስመሩ ተዘግቶ ይሆን? አልተዘጋም። የቀረው ድራይቨሩ ነበር። ፕሮግራሙና ዳታቤዙ በቀጥታ አይነጋገሩም፤ ቤንችኛ ብቻ የሚያውቅ ገበሬና አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ጸሐፊ በመካከላቸው የሚያስተረጉም ሰው እንደሚፈልጉት ሁሉ፣ ድራይቨር የሚባል ትንሽ ፋይል ያገናኛቸዋል። ሰርቨሩ ስህተቶቹን የሚጽፍበትን መዝገብ ስናነብ፣ ድራይቨሩ ዳታቤዙ የሚጠይቀውን አዲስ የመግቢያ ዘዴ እንደማያውቀው ይናገራል።

"አይሆንም" አልኩ። "ድራይቨሩን አምና በእጄ ቀይሬዋለሁ። አዲስ ነው።"

ድራይቨሩ ያለበትን ፎልደር ከፈተች። ጣቷን አንድ ፋይል ላይ አሳረፈች።

"አባባ፣ ይሄ ስሙ ላይ 'አሮጌ' የተጻፈበት ምንድን ነው?"

"ያወጣሁት ነው። መቀየሩን የሚጠይቅ ከመጣ እንዲያይ አስቀመጥኩት።"

"አላወጡትም እኮ" አለች ቀስ ብላ። "ሰርቨሩ እዚህ ፎልደር ውስጥ ያገኘውን ድራይቨር ሁሉ ያነሳል፤ ስሙ ላይ አሮጌ ተባለ አልተባለ አይገደውም። በድሮው ማሽን አዲሱን አስቀድሞ ያገኝ ነበር። ፎልደሩን እንዳለ ነው የገለበጥኩት፤ እዚህ ግን ቅደም ተከተሉ ተለውጦ አሮጌውን አስቀደመ።"

በክር የታሰረ ዕቃ ሬዲዮ ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ይህኛው ግን ሲጠሩት የሚነሳ ነበር። አሮጌውን ከፎልደሩ አውጥታ ሰርቨሩን አጥፍታ አስነሳችው። አሁን ገጹ አስገባን። ጣሪያው ላይ የመጀመሪያው ጠብታ ሳይሰማ መሸኛው ታተመ።

የመጋዘን ኃላፊዋ ወረቀቱን ስትቀበል ትከሻዬን መታ አደረገች። "ድሮም የእርስዎ እጅ! ልጅ ያበላሸውን አባት ያቃናል።"

ልጄ ማተሚያው ላይ አጎንብሳ ወረቀት ታስተካክል ነበር። እውነቱን ልትናገር ትችል ነበር፤ አልተናገረችም። እኔም አልተናገርኩም። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ከግቢው እስኪወጣ ድረስ ዝም አልኩ። ይህን ስጽፍ ዝም ማለቴንም ጭምር ነው የምጽፈው። ሃያ ዓመት ሙሉ አሮጌውን ዕቃ ለሰው ሳሳይ የኖርኩ ሰው፣ የገዛ ስህተቴን ማሳየት ግን አቃተኝ።

ተነስቼ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። የመጋዘን ኃላፊዋም እዚያው ነበረች። "ጠዋት ያልኩት ሐሰት ነው" አልኩ። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ አምና። ያገኘችውም ያስተካከለችውም እሷ ናት።" የፋይሉን ነገር ከነሬዲዮው ልማዴ አስረዳሁ።

ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን አስቀመጠ። "እንግዲያው ልጅቷን እናቆያታለን። እርስዎንስ ምን እናድርግዎ?"

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ቤታችን ወዳለበት ወደ አማን በባጃጅ ተመለስን። ልጆቼን ቀጥቻለሁ፣ መክሬያለሁ፣ አስተምሬያለሁ፤ ይቅርታ ግን ጠይቄያቸው አላውቅም። ባጃጁ ዳገቱን ሲይዝ፣ ጩኸቱን ተገን አድርጌ፣ "ይቅርታ፣ ልጄ" አልኩ።

"አልሰማሁም፣ አባባ" አለች፣ ወደ ውጭ እያየች።

መስማቷን አውቃለሁ። ጮክ ብዬ ደገምኩት። የባጃጁ ሾፌር በመስታወቱ አየን።