የሶሜጂ የስንብት ሩዝ

ሶሜጂ ደክሟት ነበር። የዛሬ ድካም አይደለም፤ ከዓመታት በፊት ገብቶ እንደ ቤተኛ የተደላደለ ድካም ነው። ጠዋት ስትነሳ ጉልበቷ ይንቋቋል። የግራ እጇ ጣቶች የሻሚሰኑን፣ የባለ ሦስት ክሩን ክራር፣ ክር ሲጫኑ ኖረው ደንድነዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚደክማት ግን ጉንጯ ነበር። ፈገግታ ይከብዳል ቢሉት ማን ያምናል? ዕድሜ ልኩን የሰከረ ነጋዴ በቀለደ ቁጥር ሲስቅ የኖረ ሰው ግን ያምናል።

በጃፓኗ ካናዛዋ ከተማ ከአሳኖ ወንዝ ማዶ ወዳለው፣ በዘፈንና በጭፈራ እንግዳ ወደሚያጫውቱት ጌይሻዎች ሰፈር የመጣችው ገና የወተት ጥርሷ ተነቅሎ ሳያልቅ ነው። ያሳደገቻት የገባችበት የጌይሻ ቤት እመቤት ኦቶሴ ናት። በሰፈሩ ልማድ የቤት እመቤት እናት ትባላለች፤ ሶሜጂም እማማ ብላት አደገች። የወለደቻትን እናቷን መልክ ከረሳችው ቆይታለች። ኦቶሴ ቀጭን፣ ነገረኛ፣ ከአፏ ፒፓ የማይለይ ሴት ናት። ስትናደድ ፒፓዋን ከማንደጃው ጠርዝ ጋር ታንኳኳለች፤ ስትደሰትም ያው ታንኳኳለች፤ የቤቱ ሰው ልዩነቱን በጆሮው ለመለየት ዓመታት ፈጅቶበታል።

ሶሜጂ በወጣትነቷ ጨፋሪ ነበረች። ጉልበቷ እምቢ ሲላት ከመሀል ወጥታ ጥግ ተቀምጣ ሻሚሰን መምታት ጀመረች። ወጣቶቹ ይጨፍራሉ፣ እሷ ትመታለች፣ እንግዳው ወጣቶቹን ያያል። ይህ አላስከፋትም፤ እንዲያውም መታየቱ ቢቀርላት ደስታዋ ነው። ያንገሸገሻት ሌላው ሥራ ነበር። የሚያዛጋውን እንግዳ የምታነቃቃው፣ ያኮረፈውን የምታባብለው፣ ሁለት ባላንጣዎች ሲፋጠጡ መሀል ገብታ ሳኬ የተባለውን የሩዝ መጠጥ እየቀዳች ነገር የምታበርደው እሷ ናት። ቤቷ ስትገባ መቀነቷን የምትፈታበት አቅም እንኳ ያጥራት ነበር።

ጃንጥላ ሠሪው ኩራታ ወደ ሕይወቷ የገባው በዚህ መሀል ነው። ሚስቱ የሞተችበት፣ ጆሮው ትልልቅ፣ ለወሬ የማይመች ሰው ነው። ከጃንጥላ ሠሪዎች ማኅበር ሰዎች ጋር ለግብዣ ጎትተው አምጥተውት ዘፈኑ ሳያልቅ በተቀመጠበት እንቅልፍ ወሰደው። ሌላዋ ብትሆን ትቀየም ነበር። ጓደኞቹ ወደ ሌላው ክፍል ወጡ፤ ሶሜጂ መምቻዋን አስቀምጣ ምሰሶውን ተደገፈችና በእንግዳ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አሳረፈችው። ሰውየው ሲነቃ ሳትስቅ አያት። አላፈረም፣ አልተቆጣም፤ አንቺም ትንሽ ብታርፊ ይሻላል ብሏት ተመልሶ ዓይኑን ጨፈነ።

ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር ሁለቱም ያርፉ ነበር። ሰፈርተኛው ሰምቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ለመተኛት ጌይሻ የሚያስጠራ ጅል ተገኘ ተባለ። ይስቁ። በዚያው ዓመት የቼሪው አበባ ሳይረግፍ ኩራታ ሊያገባት ጠየቃት። ቤቴ ጸጥ ያለ ነው፣ ማታ በጊዜ ነው የምንተኛው አላት። ሌሎች ስለ ጨረቃና ስለ ዓይኗ ብዙ ብለዋታል፤ ሶሜጂ ግን እንዲህ ልብ የሚያሞቅ ቃል ከማንም ሰምታ አታውቅም።

ኩራታ አንድ ነገር ብቻ ለመናት። አብራው የምትኖር ታላቅ እህት አለችው፤ ጌይሻ የወንድሜ ሚስት አትሆንም ብላ ስትንጨረጨር ከርማ በስንት ልመና የበረደች ናት። ስለዚህ የስንብቱ ሩዝ ነጭ ይሁን አላት።

ጌይሻ ሰፈሩን ስትለቅ ላስተማሯት፣ ላስተናገደችባቸው የግብዣ ቤቶችና ለባልደረቦቿ ሩዝ በሣጥን አድርጋ ታድላለች። ሩዙ ነጭ ብቻ ከሆነ፣ በቃኝ፣ አልመለስም ማለት ነው። ቀይ አደንጓሬ ከገባበት፣ ካልሆነልኝ እመለሳለሁና ቦታዬን አትስጡብኝ ማለት ነው። ይህን ማንም በአፉ አይናገረውም፤ ክዳኑን የከፈተ ሁሉ ግን ያነበዋል። ሶሜጂ ኩራታ ባይለምናትም ነጭ ነበር የምታደርገው። ወደዚያ ጥግ የመመለስ ሐሳብ ራሱ ያደክማታል።

ኦቶሴ አደንጓሬ ጣል አድርጊበት ብላ ወተወተቻት። ወንድ ልጅ ይለወጣል፣ እህትየው እሳት ናት፣ ነገ የሚሆነውን ማን አየ እያለች ሳምንቱን ሙሉ አሰለቸቻት። ሶሜጂ ግን ነጭ ነው ብላ ጸናች። ኦቶሴም በመጨረሻ ፒፓዋን አንኳኩታ መወትወቱን ተወች።

የስንብቱ ቀን ወጥ ቤቷ ኦዮኔ በማለዳ ሩዙን ቀቀለች። ኦቶሴ ሣጥኖቹን እኔው ራሴ እሞላለሁ ብላ እጅጌዋን ሰብስባ ገባች። ሶሜጂ ይህን ስታይ ሆዷ ባባ፤ ይህች ደረቅ ሴትም እንደ ወግ ልትሸኘኝ ነው ብላ አሰበች። ጥቁሩን ኪሞኖዋን ለብሳ ወጣች፤ የሰፈሩን ሴቶች መቀነት በማሰር ያረጀው ጋሼ ቶሜኪቺ ሣጥኖቹን ተሸክሞ ተከተላት። በየደጁ ጎንበስ እያለች ስታመሰግን ዋለች። ሣጥን በሰጪው ፊት መክፈት ነውር ስለሆነ የከፈተ የለም።

የመጨረሻዋ የግብዣ ቤት እመቤት ኦሺጌ ናት። ኦሺጌ ከማርጀቷ የተነሳ ነውር የሚባለውን ነገር ሁሉ ትታዋለች። ሣጥኑን እንደተቀበለች ክዳኑን ፈልቀቅ አድርጋ በመብያ ዘንጓ ወደ ታች ቆፈረችው።

"ይኸውልሽ፣ ከሥር ደብቀሽዋል!" አለች እየሳቀች። "እኔ ደግሞ ነጭ ነው ሲሉኝ ጭራሽ ቆረጠችብን ብዬ ነበር። ደግ አደረግሽ የኔ ልጅ። ምንጣፍሽ እዚያው ጥግ ይቆይሻል።"

ከነጩ ሩዝ ሥር ቀያይ አደንጓሬዎች ተኝተዋል። ሶሜጂ ትክ ብላ አየቻቸው። እንደ ልማዷ ፈገግ አለች፣ ጎንበስ ብላ አመሰገነች፣ ወጣች። ቶሜኪቺ ምነው እትዬ፣ አመመሽ እንዴ ቢላት ደክሞኝ ነው አለችው። እውነቷን ነው። ለካ ስታድል የዋለችው የስንብት ሳይሆን የመመለሻ ሩዝ ኖሯል። ማን እንዳደረገው መጠየቅ አላስፈለጋትም። ቤት ስትደርስ ኦቶሴ ማንደጃው አጠገብ ተቀምጣ ጠበቀቻት፤ ሶሜጂ ግን ቀና ብላም ሳታያት አልፋ ተኛች። መጣላትም ጉልበት ይጠይቃል።

በማግስቱ ጠዋት ኩራታ መጣ። ከመግቢያው ላይ ቆመ፤ ጫማ ሳያወልቁ ቤት አይገባምና፣ ግባ ቢባል የእንጨት ጫማውን አላወልቅም አለ። እንቅልፍ የማይለየው ሰው ሌሊቱን እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል። ወሬው እህቱ ጋ ደርሷል፤ እህቱም ልትመለስ ያሰበችን ሴት በዚህ በር አላስገባም ብላለች።

"እህቴ ያለችውን ተይው" አለ ኩራታ ወደ መሬት እያየ። "እኔ ካንቺ ልስማ። ልትመለሽ ነው እንዴ የምትመጪው?"

"አደንጓሬውን እኔ አላስገባሁትም።"

"ታዲያ ማን አስገባው?"

ከወረቀት ከተሠራው የክፍሉ በር ጀርባ የኦቶሴ ፒፓ ማንኳኳቱን አቆመ። ሶሜጂ ያን ጸጥታ ሰማችው። እናቴ ናት ብትል በአንድ ቃል ትገላገላለች። ግን የገዛ ልጇን የስንብት ሩዝ ያበላሸች እመቤት በዚህ ሰፈር መሳቂያ ሆና ነው የምትቀረው፤ ሴት ልጁን ለኦቶሴ ቤት የሚሰጥም አይገኝም። ሶሜጂ ተናዳለች። ቢሆንም ቃሉ ከአፏ አልወጣም።

"ትንሽ ይጠብቁኝ" አለችው።

ወደ ማድ ቤት ገባች። ኦዮኔ ብድግ ስትል ተይ፣ እኔ ነኝ የምሠራው አለቻት። ሶሜጂ በሕይወቷ ሩዝ ቀቅላ አታውቅም። ያሳደጓት ጣቷ ለክር እንጂ ለድስት እንዲሆን አይደለም። ሩዙን በግምት ዘገነች፣ ውሃውን በግምት አፈሰሰች፣ እሳቱን አበዛችው። ኦዮኔ አፏን በእጇ ይዛ ታያለች። ጭሱ ዓይኗን አቃጠላት፣ ክዳኑን ሳይደርስ ከፈተችው፣ መልሳ ከደነችው። ኩራታ መግቢያው ላይ ቆሞ ሩዙ ሲያርር ይሸተው ነበር፤ ግን አልሄደም።

ሩዙን በሣህን አድርጋ በሩን ገፋችና ኦቶሴ ፊት አስቀመጠችው። በሩን መልሳ አልዘጋችውም። ሩዙ ከሥር አርሯል፣ መሀሉ አልበሰለም፣ ከላይ ውሃ አቁሯል። ግን ነጭ ነው።

"ሰፈሩን እንደገና ልዞር አልችልም፣ እማማ" አለች። "ደክሞኛል። ለእርስዎ ግን ይኸው።"

ኦቶሴ ሣህኑን አየችው። በጣቷ ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

"እኔም ነጭ አድዬ ነው የሄድኩት" አለች። "ያገባኝ ሰው ክረምቱ ሳያልቅ አባረረኝ። ስመለስ በየደጁ ቆሜ፣ ውይ፣ የዚያን ቀኑ ሩዝ ነጭ አልነበረም እንዴ ይሉኝ ነበር። እስከ ዛሬ ከኋላዬ ነጭ ሩዝ ነው የሚሉኝ። የማልሰማ መሰለሽ? ለኔ አንዲት ፍሬ አደንጓሬ የጣለልኝ ሰው አልነበረም።"

ሶሜጂ ቅጽል ስሙን ሰምታ ታውቃለች። የኦቶሴን የገረጣ ፊት አይተው የሰጧት ይመስላት ነበር። ንዴቷ ድንገት ጥሏት ሄደ፤ የቀረላት ያው የለመደችው ድካም ነው።

"ለኔ ብለው እንዳደረጉት አውቃለሁ" አለች። "ግን እማማ፣ በሩ ክፍት ከሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም። እኔ ደግሞ መተኛት ነው የምፈልገው።"

ኦቶሴ ፒፓዋን አስቀመጠች። የመብያ ዘንጓን አነሳችና መብላት ጀመረች። ጥሬው ከጥርሷ ሥር ሲንኳኳ እስከ መግቢያው ይሰማል። ውሃ የያዘውን በላች፣ ያልበሰለውን በላች፣ ያረረውን ፋቅ ፋቅ አድርጋ በላች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ሳለ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና አላለችም። ሶሜጂ ይብቃዎት ልትል አሰበችና ተወችው። ሣህኑ ባዶ ሲሆን ኦቶሴ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"አንተ ባለ ጃንጥላ! አደንጓሬውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ለእህትህም ንገራት፣ ለጠየቀህም ሁሉ ንገር።"

ከመግቢያው የእንጨት ጫማ ሲወልቅ ተሰማ፤ መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው።

ኦቶሴ ባዶውን ሣህን ወደ ሶሜጂ ገፋ አደረገችው።

"ጥሬ ነው" አለቻት። "ባልሽ ቤት ሌላ ሰው ይቀቅል።"